መሪው በማን እጅ ነው?

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ደምበጫ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ አንድ ጎረምሳ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ፣ «አውሮፕላን እኮ ዛሬ ራሱ ነው የሚነሣው፤ ፓይለቱ ቁልፍ ይጫንና እግሩን ዘርግቶ ቡናውን ይጠጣል» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ስኒያቸውን አስቀምጠው ዞሩበት።

«ልጄ፣ ዓባይን ወርደህ ታውቃለህ?»

«አዎ ጋሼ፣ ትናንትናም በእሱው ነው የመጣሁት።»

«ሹፌሩ በፍሬን ነው የወረደው በማርሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! ተኝቼ ነበር።»

«አየህ፣ የተኛ ሰው ሁሉም ነገር በራሱ የሚሄድ ይመስለዋል።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጎረምሳውም ሳቀ፤ ግን የዋዛ አልነበረም። ሳቁ ጋብ ሲል «እሺ ጋሼ፣ የቢሾፍቱውንስ ማን ጣለው? ማሽኑ ነው ወይስ ሰው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ሽማግሌውም ዝም አሉ።

እኔ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ እንጂ አብራሪ አይደለሁም። ሆኖም ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚያ አውሮፕላን የወጡትን ሪፖርቶች አገላብጬ ካነበብኩ በኋላ፣ ይህ ጥያቄ በአገራችን በዝምታ መታለፉ የጤና አይደለም የሚል እምነት አድሮብኛል። ለዚህ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

በመጀመሪያ የጎረምሳውን ስሕተት እናርም። አውሮፕላን በራሱ መሣሪያ ማረፍን ከተማረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ትራይደንት የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን መንገደኞች እንደጫነ በራሱ መሣሪያ መሬት ነክቷል። መነሣት ግን በዕለት ተዕለት በረራ እስከ ዛሬ የሰው እጅ ሥራ ነው። ኤርባስ ኩባንያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ፈረንሳይ ቱሉዝ ላይ በካሜራ እያየ በራሱ የሚነሣ አውሮፕላን ሞክሯል። ሙከራ ነው እንጂ እኔና እናንተ ቲኬት ቆርጠን የምንሳፈርበት አይደለም።

ከቦሌ የሚነሣ አንድ ቦይንግ 737 እንውሰድ። አብራሪው የሞተሩን ጉልበት በከፊል ይጨምርና አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቀሪውን ጉልበት ኦቶትሮትል የሚባለው መሣሪያ ራሱ ይሞላዋል። መሪው ግን በሰው እጅ ነው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር ሌላኛው አብራሪ ፍጥነቱን እየተከታተለ ይጠራል፤ አንደኛዋ ጥሪ «ከእንግዲህ ወዲህ ማቆም የለም» ማለት ናት፤ ሁለተኛዋ ደግሞ «አፍንጫውን አንሣ» ማለት ናት። ያን ጊዜ የሚያበረው ሰው መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ቀና ይላል።

ታዲያ በዚህች ሰዓት አብራሪው በፊቱ ባለው ስክሪን ላይ መካሪ አለው። ፍላይት ዳይሬክተር ይሉታል። አንድ የአግድም አንድ የቁም መስመር ነው። «ከፍ በል፤ ዝቅ በል፤ ወደ ቀኝ ዘንበል» ይላል። መሪውን ራሱ አይነካም፤ ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው። ኦቶፓይለት የሚባለው ደግሞ ከምክር አልፎ መሪውን ራሱ ይይዛል፤ በ737 ላይ ይህን ማብራት የሚፈቀደው አውሮፕላኑ ቢያንስ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ክንፉም ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያና የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ባጭሩ፣ የመነሻዋ ደቂቃ የሰው እጅ የሚፈተንባት ደቂቃ ናት።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዓለም ላይ ያሉ አብራሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «የመሣሪያውን ምክር ተከተል፤ ኦቶፓይለቱንም ቶሎ አብራ። እጅህ ሲያርፍ ዓይንህና አእምሮህ ለሌላው ሥራ ነፃ ይሆናሉ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እጅ ካልሠራ ይዝጋል። መሣሪያው የከዳ ቀን በዛገ እጅ ምን ልትሠራ ነው?» ይላል። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት እንኳ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ለአየር መንገዶች ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አብራሪዎች ሁኔታው ሲፈቅድ በእጅ እንዲያበሩ አበረታቱ ብሏል። በእጅ የማብረር ስሕተት እየጨመረ መምጣቱን ስላየ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች ምስክር መጥራት የሚችሉት ከእኛው ቤት መሆኑ ነው።

አንደኛው ምስክር ቤይሩት ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 ማዕበልና መብረቅ በሞላበት ሰማይ ከቤይሩት ተነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ወደቀ። 90 ሰው አለቀ። የሊባኖስ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሪፖርት፣ አውሮፕላኑ በእጅ ሲበር እንደነበረ፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው የጅራት ክንፍም በትክክል እንዳልተስተካከለ ገለጹ። አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን መቆጣጠር አልቻሉም፤ በመካከላቸውም መደማመጥ ጎድሏል ሲሉ ደመደሙ። አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም፤ ፍንዳታ፣ ሻጥር ወይም መብረቅ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራከረ። የሊባኖሶቹን ቃል የተቀበለ ሰው ግን «ያን ሌሊት ኦቶፓይለቱ በርቶ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ምስክር ቢሾፍቱ አጠገብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ከጠዋቱ 2፡38 ሰዓት ላይ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በሯል። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ሲሆን 361 ሰዓት በሯል። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት እንደተላቀቀ፣ ክንፉ አየሩን የሚቀዝፍበትን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው ቀላመደ። የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ የግራው 74 አለፈ። በካፒቴኑ በኩል መሪውን የሚያንቀጠቅጠው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻውም አልቆመም ማለት ይቻላል። የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቹም በግራና በቀኝ አልስማማ አሉ።

ካፒቴኑ ምን አደረገ? ኦቶፓይለቱን ለማብራት ደጋግሞ ሞከረ። በሦስተኛው በራለት፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ይኸኔ ማንም ያልጠራው ሦስተኛ አብራሪ መጣ። ኤምካስ የሚባለው፣ ቦይንግ በማክስ አውሮፕላን ውስጥ የከተተው ፕሮግራም፣ የዋሸውን አንድ ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋው። ሁለቱ ወጣቶች መሪውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ረዳቱ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ እናጥፋው አለ፤ አጠፉት። በእጅ የሚሽከረከረውን ጎማ ሊያዞሩ ቢሞክሩ ግን እምቢ አለ፤ አውሮፕላኑ ከተፈቀደው 340 ኖት በላይ ይበር ስለነበር የአየሩ ግፊት ጎማውን አስሮታል። ኤሌክትሪኩን መልሰው አበሩት። ኤምካስም ተመልሶ መጣ። በተነሡ በ6 ደቂቃ ውስጥ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፋራ በተባለ ቦታ 157 ነፍስ ከመሬት ተቀላቀለ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ ፍረድ! በቤይሩት እጅ ብቻውን ሲቀር ጠፋ ተባለ፤ በቢሾፍቱ ደግሞ ማሽኑ ከእጅ ነጠቀ።

ዋናው ጥፋት የማን እንደሆነ ማድበስበስ አልፈልግም። ቦይንግ ነው። ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ ከኢንዶኔዢያው ላየን ኤር አደጋ በፊት በአብራሪዎች መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። ያ አደጋ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. 189 ሰው ጨርሷል። አውሮፕላኑ ሁለት ሴንሰር እያለው ፕሮግራሙ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ኩባንያውን ተቆጣጣሪዎችን በማታለል ከሶት፣ ኩባንያው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. 2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከቢሾፍቱው አደጋ ሟቾች ቤተሰቦች ጋር በነበረው የፍርድ ቤት ክርክር፣ ማክስ አደገኛ ሁኔታ ላይ እንደነበረ አምኖ ጥፋቱን በአብራሪዎቹም ሆነ በአየር መንገዱ ላይ እንደማያላክክ በጽሑፍ አረጋገጠ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ሆኖም ከአደጋው ሁለት ወር በኋላ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ ሳም ግሬቭስ የተባሉ፣ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ያን አውሮፕላን ያተርፈው ነበር የሚል ቃል ተናገሩ። ሬሳችን ሳይቀበር! ይህን ስሰማ ደሜ ፈልቷል፤ የእናንተም እንደፈላ አልጠራጠርም። ለነገሩ «የሠለጠነው ዓለም» እጅም ሲዝግ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 ከብራዚል ወደ ፓሪስ ሲበር የፍጥነት መለኪያው በበረዶ ተደፈነ፤ ኦቶፓይለቱ መሪውን ለሰው አስረክቦ ወጣ። የፈረንሳይ አብራሪዎች፣ በፈረንሳይ አውሮፕላን፣ ደህና የነበረውን አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ስበው ስበው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጨመሩት። 228 ሰው ሞተ። ስለዚህ ችግሩ የቆዳ ቀለም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን የማይወደድ ነገር ልናገር ነው። ለፈረንጁ ንቀት መልስ ለመስጠት ስንል የራሳችንን ጥያቄ አብረን ቀብረነዋል።

ጥያቄው ይህ ነው። የ737 አብራሪዎች በቃላቸው እንዲይዙት የሚገደዱት አንድ ሥርዓት አለ። የፍጥነት መለኪያህን ማመን ካልቻልክ ኦቶፓይለቱን አጥፋ፤ ኦቶትሮትሉን አጥፋ፤ ፍላይት ዳይሬክተሩን አጥፋ ይላል። ከዚያ አፍንጫውን 10 ዲግሪ፣ የሞተሩን ጉልበት 80 በመቶ አድርግ፤ የክንፉ ፍላፕ ከተሰበሰበ ደግሞ 4 ዲግሪና 75 በመቶ። ይኸው ነው። መካሪዎችህን ሁሉ አስወጣና በእጅህ፣ በምታውቀው ቁጥር አብር ማለት ነው። በ302 ላይ ግን ኦቶትሮትሉ አልጠፋም፤ ሞተሩም ከመነሻው ጉልበት ሳይቀንስ እስከ መጨረሻው ሄደ። ያ ፍጥነት ነው በኋላ ጎማውን ያሰረባቸው።

ይህን ስጽፍ ሁለቱን ልጆች ለመውቀስ አይደለም፤ ነፍሳቸውን ይማርና። መሪው በእጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ ማንም ያልነገራቸው ፕሮግራም አፍንጫውን እየደፋባቸው፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ማን ያስበዋል? እኔ በወንበሬ ተቀምጬ ልፍረድባቸው? የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ወጣት አብራሪ በዚያች ጭንቅ ሰዓት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኦቶፓይለት ቁልፍ ከሆነ፣ እንዲህ እንዲያደርግ ያለመደው ማነው? ቦይንግ ብቻ ነው? ወይስ ሥልጠናው ነው? ወይስ በመላው ዓለም ያለው «ማሽኑ ያውቃል» የሚል ልማድ?

የእኛ ባለሥልጣናት መልስ አጭር ነበር። አደጋው በደረሰ በወሩ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ሁሉ ደጋግመው ፈጽመዋል አሉ። የመጨረሻው ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ፤ ጥፋቱን በኤምካስ ላይ አደረገ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ መሥሪያ ቤቶች ኤምካስ ገዳይ መሆኑን ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹ አሠራርና ሥልጠና በበቂ አልተመረመረም ሲሉ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ሴንሰሩን ያበላሸው ምንድነው በሚለውም አልተስማሙም፤ የእኛዎቹ የአሠራር ጉድለትና የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ፣ አሜሪካኖቹ ወፍ ሳይመታው አልቀረም አሉ።

በእርግጥ አሜሪካኖቹ ለቦይንግ ያደላሉ ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ግን የእኛስ ወገን? አየር መንገዱ የመንግሥት ነው። መርማሪው ቢሮ ሪፖርቱን ሲሠራ የነበረው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ነው። ሚኒስቴሩም የመንግሥት ነው። ከሳሽ መንግሥት፣ ምስክር መንግሥት፣ ዳኛ መንግሥት! «ገበያ ያለ ተቆጣጣሪ» ቢሉ ይሻላል። ሪፖርቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ እውነት ቢሆንም እንኳ በዚህ አሠራር ማንም እንዲያምነው ማድረግ አይቻልም ነው የምለው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ቀጣዩን አደጋ መከላከል ነው፤ መርማሪውም ነፃ ይሁን ይላል። እኛ ግን «አብራሪዎቻችን ምን ይማሩ ነበር?» ብሎ የጠየቀን ሁሉ ሟች ሰዳቢና አገር ሻጭ እናደርገዋለን።

ይህን የምለው አየር መንገዱን ጠልቼ አይደለም። ማን ኢትዮጵያዊ ይጠላዋል? በዚህ አገር ሁሉ ነገር ሲወድቅ ሲነሣ ቆሞ ከቀረልን ጥቂት ነገር አንዱ እሱ ነው። እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችልም ያሳየን እሱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች ነዳጁን አስጨርሰው ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊ እየታገለው ቦይንግ 767ን ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፈ። 125 ሰው ሞተ፤ 50 ሰው ግን ተረፈ። እዚሁ ጎጃም ውስጥም መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገባበት። ሞተሮቹ ጠፍተው በሆዱ ያረፈው አውሮፕላን ተቃጥሎ 35 መንገደኞች ቢሞቱም ከ60 በላይ ሰው ነፍሱ ተርፏል። በእነዚያ ቀናት የትኛውም ኦቶፓይለት «እኔ ላሳርፈው» አላለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው የሚለኝ አይጠፋም። ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ አብራሪዎች በዓመት ስንት ሰዓት በእጃቸው፣ ያለ ፍላይት ዳይሬክተርና ያለ ኦቶትሮትል እንደሚለማመዱ አየር መንገዱ ለሕዝብ ይናገር። ምስጢር አይደለም፤ የምንሳፈረው እኛ ነን። ማክስ ከእገዳ ሲመለስ አብራሪዎች በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ተገድዷል፤ ኤምካስም ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያመሳክር ተደርጎ ታርሟል። ጥሩ ነው። ግን የነገው አደጋ የትናንቱን መልክ ይዞ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ የአደጋ መርማሪው ቢሮ ከሚኒስቴር ጉያ ወጥቶ ለሕዝብ እንደራሴዎች ተጠሪ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ ተቃዋሚዎቹ ከጻፉት አስተያየት ጋር በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ይውጣ። በቱሉ ፋራ ማሳቸው ላይ ሰማይ የወደቀባቸው ገበሬዎች በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የሚያነቡት?

በሌላ ቀን እነዚያን ሽማግሌ ሹፌር እዚያችው ቡና ቤት አገኘኋቸውና ያን ዕለት ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ ይነዱ ነበር። «የማላውቀውን ሰው ሬሳ ላይ ቆሜ ምን ልበል?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም ቀጠሉ፦ «እኔ ረዳት ሳለሁ አለቃዬ ዓባይ አፋፍ ላይ ሲደርስ ያቆምና 'ፍሬኑ የለም ብለህ አስብ፤ በስንተኛ ማርሽ ትወርዳለህ?' ይለኝ ነበር። ፍሬኑ ደህና ነው እኮ! በየጊዜው ነው ግን የሚጠይቀኝ። አንድ ቀን ፍሬኑ እውነት ጠፋ። ያን ቀን ማሰብ አላስፈለገኝም፤ እጄ ራሱ ሄደ።»

ያ አለቃ ፍሬን አልጠላም፤ ረዳቱን ያለ ፍሬን አለማመደው እንጂ። ለአብራሪዎቻችንም የምመኘው እንዲህ ያለ አለቃ ነው። መሣሪያውን ይጠቀሙ፤ ምክሩን ይስሙ፤ ምክሩ የተሳሳተ ቀን ግን እጃቸው መንገዱን የሚያውቅ ይሁን።

ስለ አውሮፕላኑ መሪ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃኛል። ስለ ሌላው መሪ ለሌላ ቀን እናቆየው።